የዳካር ኤሌክትሪክ አውቶቡስ የሚሞላው ከነዳጅ በመነጨ መብራት ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው?

አዲስ መጤ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለሥራ ዳካር ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። የምኖረው ከከተማው ዳር ጌጃዋይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በቢአርቲ፣ በአዲሱ ፈጣን የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው መሀል ከተማ የምገባው። አውቶቡሱ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ የራሱ መስመር ስላለው ደግሞ መኪናው ሁሉ ተገትሮ እሱ እልፍ ይላል። ወድጄዋለሁ። ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የሴኔጋል መብራት እኮ አብዛኛው ከነዳጅ ነው የሚመነጨው፣ ጭሱን ከመንገድ አንስተው ማመንጫው ጋ ወሰዱት እንጂ ምን ቀየሩ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው እንዴ?

ሒሳበኛው፦
ግማሹን ልክ ነው። በግምት እንሥራው። እንዲህ ያለ ረጅም ተቀጣይ (ሁለት አካል የተያያዘ) አውቶቡስ ማቀዝቀዣውን ጨምሮ በኪሎ ሜትር 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል እንበል። ከከባድ ጥቁር ናፍጣ የሚመነጭ 1 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 650 ግራም ካርበን ዳይኦክሳይድ አለው። 1.3 ኪሎ መጣ፤ በመስመር ላይ የሚባክነውንና ሲሞላ የሚጠፋውን ስትጨምርበት 1.5 ይጠጋል። ያንኑ የሚያክል የናፍጣ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 55 ሊትር ቢጠጣ፣ አንዱ ሊትር 2.7 ኪሎ ስለሚያወጣ፣ እሱም በኪሎ ሜትር 1.5 ነው። እኩል ወጡ!

ግን መብራቱ ሁሉ ከጥቁር ናፍጣ አይደለም። ታይባ ንጃይ 158 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫ አለ፣ የፀሐይ አለ፣ ማሊ ካለው የማናንታሊ ግድብ የሚደርሳቸውም አለ። በ2023 ከአውሮፓውያንና ከካናዳ ጋር በተፈራረሙት የ2.5 ቢሊዮን ዩሮ ስምምነት ደግሞ በ2030 ከማመንጨት አቅማቸው 40 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ግብ ይዘዋል። ይደርሱበታል አይደርሱበትም ሌላ ወሬ ነው፣ በተለይ በ2024 ከባሕር ሥር የሳንጎማር ነዳጅ ዘይት መውጣት ከጀመረ በኋላ። ዋናው ነገር፣ መብራቱ በጸዳ ቁጥር አውቶቡሱ ማንም ሳይነካው አብሮ ይጸዳል። የናፍጣው በዕድሜ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

የፒኪን ልጅ፦
ሒሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን ከምን ጋር ነው ያወዳደርከው? ከአዲስ ትልቅ የናፍጣ አውቶቡስ ጋር። እዚህ መስመር ላይ ሰው የሚሳፈረው በእሱ ነበር? በካር ራፒድና በንጃጋ ንጃይ ሚኒባሶች ነበር እንጂ። እነዚያ በየማቆሚያው ሞተር ሳያጠፉ ሰው እስኪሞላላቸው የሚጠብቁ፣ ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ የሚጣራባቸው አሮጌዎች። አንዱ ተቀጣይ የሚጭነውን ሰው ለመጫን አራት አምስቱ ያስፈልጋሉ። ሒሳቡን በአራት አምስት አሮጌ ሞተር ሥራውና ያኔ እኩል ከወጣ ንገረኝ። ደግሞ ካርበኑ ይቅርና፣ የማመንጫ ጭስ በረጅም ጭስ ማውጫ ይወጣል፣ የካር ራፒድ ጭስ አፍንጫህ ሥር ነው።

ባለንብረት ነበርኩ፦
ሁላችሁም ስለ ቢአርቲ ብቻ ታወራላችሁ። 121 አውቶቡስ፣ 18.3 ኪሎ ሜትር። በቃ። የቀረው ተሳፋሪ አብዛኛው በምን ይሄዳል? በግለሰብ ሚኒባስ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

ከ2005 ጀምሮ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተው ብድር ተመቻቸላቸው፣ አሮጌውን ለቁርጥራጭ አስረክበው ቲዬስ ከተማ የሚገጣጠሙትን የታታ ሚኒባሶች ወሰዱ። ሠርቷል። ያው ግን ታታውም ናፍጣ ነው። አሁን ያንኑ በኤሌክትሪክ እንድገም ብትል፣ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ መኪናው ቆሞ በሚሞላበት ሰዓት ገቢ የለም፣ ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይራል፣ ባንኩስ ስንት ዓመት ይታገሳል? እኔ ዛሬም ባለንብረት ብሆን የምጠይቀው ይሄንን ነው፣ ስለ በረዶ መቅለጥ ማንም ባለንብረት አይጠይቅህም። ብድሩ እንደ ያኔው ረዘም ብሎ ከመጣ ይገዛል፤ ካልመጣ፣ ከአውሮፓ ያገለገለ ናፍጣ ሚኒባስ አምጥቶ ይቀጥላል።

ሒሳበኛው፦
@የፒኪን ልጅ ተሸንፌያለሁ። የአሮጌዎቹን ፍጆታ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ እንደገና እሠራዋለሁ።

አዲስ መጤ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን መልስ አለኝ። አንድ ችግር ብቻ፦ ከቢአርቲ ጣቢያ ቤቴ ድረስ የሚወስደኝ ንጃጋ ንጃይ ነው። ይቺን ለባልደረባዬ አልነግረውም።