የማይኤስኪውኤል ሩት ፓስወርድ የሚያውቅ ጠፋ፤ ዳታውን ሳልነካ እንዴት ልግባ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት የስቶክና የሽያጭ መረጃ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ላይ በተጫነ ማይኤስኪውኤል 8 በሚባል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ሰርቨሩን የተከለው ልጅ ሥራ ለቋል፤ ስልኩም አይነሳም። የሩት (የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ ዩዘር) ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው የለም። የሊኑክሱ ዩዘር ግን እጄ ላይ ነው፤ ሱዶም (የአስተዳዳሪ መብት የሚሰጠው ትእዛዝ) ይሠራልኛል። አንድ ጓደኛዬ "አጥፊውና እንደገና ጫኚው" አለኝ። ዳታው እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ።

ኮንሶል፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳታጠፊው! ፓስወርዱ ቢጠፋም ዳታው እዛው ነው። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ "ሱዶ ማይኤስኪውኤል" ብለሽ ሞክሪ። ኡቡንቱ ላይ ሩት ሲጫን የሚገባው በፓስወርድ ሳይሆን በሶኬት (ማለትም በሊኑክሱ ዩዘር ማንነት) ነው። ማንም ካልቀየረው ሳይጠይቅሽ ያስገባሻል።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት፤ "አክሰስ ዲናይድ" ይላል። ልጁ ቀይሮት መሆን አለበት።

የማታ ፈረቃ፦
እንግዲያው ኢቲሲ ስር ማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ "ዴቢያን ነጥብ ሲኤንኤፍ" የሚል ፋይል በሱዶ ክፈቺ። ዴቢያን-ሲስ-ሜይንት የሚባል ዩዘር ከነፓስወርዱ በግልጽ ተጽፎ ታገኛለሽ። ሲስተሙ ለጥገና የሚጠቀምበት ስለሆነ ሙሉ መብት አለው። በሱ ገብተሽ የሩቱን ፓስወርድ አልተር ዩዘር በሚለው ትእዛዝ ቀይሪው። ሰርቪሱን ማቆም እንኳ አያስፈልግሽም።

ቴርሚናል ልጅ፦
ካልሆነ ፓስወርድ ሳይጠይቅ እንዲያስገባ የሚያደርገው ስኪፕ ግራንት ቴብልስ የሚባል ኦፕሽን አለ። ሰርቪሱን አቁመሽ በዚያ ኦፕሽን አስነሺው። ስትገቢ መጀመሪያ ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ (የመብት ሰንጠረዦቹን እንደገና የሚጭነው ትእዛዝ) በይ፤ አለበለዚያ አልተር ዩዘርን አይቀበልሽም። በፓስወርድ ፈንክሽን ቀይሩ የሚሉ የድሮ መመሪያዎችን ተያቸው፤ ፈንክሽኑ ከ8 ላይ ወጥቷል።

ኮንሶል፦
እሱ ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክርም። እስክትጨርሺ ድረስ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ማይኤስኪውኤል 8 ከኔትወርክ የሚመጣውን ቢዘጋም፣ እዛው ማሽን ላይ ያለ ማንም ዩዘር ያለ ፓስወርድ ይገባል። ኢኒት ፋይል (ሰርቪሱ ሲነሳ አንብቦ የሚፈጽመው ፋይል) ይሻላል። የአልተር ዩዘር መስመሯን ብቻ የያዘ ፋይል አዘጋጂ፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዩዘር እንዲያነበው ፍቀጂለት። ፋይሉን ቫር ሊብ ስር ማይኤስኪውኤል-ፋይልስ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሌላ ቦታ ከሆነ አፕአርመር (የኡቡንቱ የደህንነት ጥበቃ) ሊከለክለው ይችላል። ኮንፊጉ ላይ አድራሻውን ጽፈሽ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጊ፤ ሲነሳ ራሱ ይቀይረዋል። ከዚያ መስመሩንም ፋይሉንም አጥፊ፤ አዲሱ ፓስወርድ እላዩ ላይ ተጽፏላ። ሽያጭ ሲዘጋ ብትሠሪው ጥሩ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በዴቢያን ፋይሉ ገባሁ፣ ሩቱንም ቀየርኩ። አሁን ግን የሽያጭ ፕሮግራሙ አልገናኝ አለ።

የማታ ፈረቃ፦
ፕሮግራሙ በሩት ሲገባ ነበር ማለት ነው። አዲሱን የሩት ፓስወርድ እንዳትሰጪው። የራሱን ዩዘር ክፈቺለትና የፕሮግራሙ ኮንፊግ ላይ እሱን አስገቢ። እዛ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ሴሌክት፣ ኢንሰርት፣ አፕዴትና ዲሊት (ማንበብ፣ መጨመር፣ መቀየርና መሰረዝ) ፍቀጂለት፤ ለዕለት ሽያጭ ይበቃዋል።