የጋራ ምርምር ረቂቅ፦ የፖታሺየም 41 እና የሩቢዲየም 87 ኮንደንሴቶች የሚለያዩበት ነጥብ

አስተባባሪ፦ የምንፈልገው ሁለቱ ኮንደንሴቶች (እጅግ ቀዝቅዘው እንደ አንድ ሞገድ የሚሆኑ የአተም ደመናዎች) መገፋፋታቸው ስንት ሲደርስ መደባለቅ ትተው እንደሚለያዩ ነው። ሁለቱም ዝርያዎች በዝቅተኛው የስፒን ሁኔታቸው (አነስተኛ ጉልበት ባለው የአተሙ የውስጥ ማግኔታዊ ሁኔታ) ይሁኑ። ከ79 ጋውሱ የፌሽባክ ሬዞናንስ (የማግኔት መስክ የአተሞቹን መሳሳብና መገፋፋት አጥብቆ የሚቀይርበት ነጥብ) ዝቅ ብሎ፣ 72 ጋውስ አካባቢ በመካከላቸው ያለው የመበተን ርዝመት (የመገፋፋቱ ወይም የመሳሳቡ መለኪያ፤ ፖዘቲቭ ሲሆን መገፋፋት፣ ኔጋቲቭ ሲሆን መሳሳብ ነው) ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ተነስተን ወደ መገፋፋት እንሄዳለን። መለያያው ስንት ላይ እንደሆነ ግን ረቂቁ አይናገርም፤ የስሌት ቡድኑ ይሙላልን።

የስሌት ቡድን፦ የየራሳቸውን የመበተን ርዝመት ለፖታሺየም 62፣ ለሩቢዲየም 100 የቦር ራዲየስ (በአተም መጠን ደረጃ ያለ የርዝመት መለኪያ) ያዙ። የመጠነ ቁስ ልዩነቱ ሲገባበት ወጥ የሆነ ጋዝ በመካከላቸው ያለው የመበተን ርዝመት 74 የቦር ራዲየስ ገደማ ላይ ሲደርስ ይለያያል። በመሳሳብ በኩል ከ−74 ሲያልፍ የኳንተም መዋዠቅ ከመደርመስ ያድነውና ጠብታ ይሆናል፤ ያን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ወጥመድ ውስጥ ለውጡ ስለሚደበዝዝ አንድ ሹል ነጥብ እናገኛለን ብላችሁ አትጻፉ።

የወጥመድ ቡድን፦ ከሁሉ በፊት የስበት ነገር ይፈታ። በ1064 ናኖሜትር የሌዘር ብርሃን ወጥመድ የሩቢዲየሙ የሽቅብ-ቁልቁል ድግግሞሽ 100 ሄርዝ ቢሆን ደመናው 25 ማይክሮሜትር ገደማ ይወርዳል። ፖታሺየሙ 136 ሄርዝ ገደማ ስለሚወዛወዝ 13 ብቻ ነው የሚወርደው። በዚህ ርቀት ደመናዎቹ ከነጭራሹ ላይነካኩ ይችላሉ፤ "ተለያዩ" ብንል የለያቸው ስበት ነው። ወደ 300 ሄርዝ ብናጠብቀው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 1.3 ማይክሮሜትር ይወርዳል፣ ግን የሦስት አተሞች ግጭት በጥግግቱ ካሬ መጠን አተም ይበላብናል። የወጥመዱ ብርሃን 808 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ። ዋጋው የፎቶን መበተንና መሞቅ ነውና ትነቱን (ሞቃታማ አተሞችን እያስወጡ ደመናውን ማቀዝቀዙን) በ1064 ጨርሰን ለልኬቱ ብቻ ወደ 808 እናሸጋግር እንላለን።

የማግኔት ቡድን፦ እንስማማለን። መስኩን በሩቢዲየም የማይክሮዌቭ ሽግግር እንለካለን፤ በጋውስ 2.1 ሜጋሄርዝ ስለሚንቀሳቀስ የ10 ሚሊጋውስ ስህተት 21 ኪሎሄርዝ ሆኖ በግልጽ ይታያል። መስኩ ከተዘጋ በኋላ በዙሪያው ባለው ብረት ውስጥ የሚቀረው የኤዲ ከረንት (የመስክ ለውጥ በብረት ውስጥ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ጅረት) ምስሉን ስለሚያዛባ ፎቶው መስኩ ሳይዘጋ ይነሳ።

አስተባባሪ፦ መስኩን በሁለቱም አቅጣጫ እየወሰድን የሂስተሬሲስ ልዩነት (በመሄጃውና በመመለሻው ውጤቱ የተለያየ መሆኑን) እንፈልግ የሚለውስ?

የስሌት ቡድን፦ ይግባ፣ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በመመለሻው አተሙ ስለሚያንስ ኪሳራው ራሱ ሂስተሬሲስ ይመስላል። በእያንዳንዱ መስክ ላይ ሳይንቀሳቀስ እኩል ጊዜ የቆየ ናሙና ይለካ።

የወጥመድ ቡድን፦ ሌላም ይጨመር። ሩቢዲየሙን በ780 ናኖሜትር ብርሃን ጠርገን ፖታሺየሙን ብቻውን በዚያው መስክ እናንሳው። የፖታሺየሙ ቦታ ሩቢዲየም ሲኖርና ሳይኖር አንድ ከሆነ መገፋፋቱ አላንቀሳቀሰውም ማለት ነው።

አስተባባሪ፦ ይህ የመጀመሪያው ልኬት ይሁን። የመስክ ጉዞው የሚጀመረው ከእሱ በኋላ ነው፤ ረቂቁን በዚሁ አስተካክላለሁ።