ባሕር ዛፉ በጎረቤት ጣራ ላይ ወድቋል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የቀበና ነዋሪ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቀበና አካባቢ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከብርቱ ነፋስ ጋር ጥሎ፣ እናቴ በምትኖርበት ግቢ አጥር ሥር ከተሰለፉት ሦስት ረጃጅም ባሕር ዛፎች አንዱን ከነሥሩ ነቅሎታል። ዛፉ የድንጋይ አጥሩን አናት ደርምሶ ጫፉ በጎረቤታችን ጣራ ላይ አርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን በሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ሁለት ቆርቆሮ ተቀዶ፣ የገባው ውኃ የአቡጄዲ ኮርኒሱን እንደ ከረጢት ወጥሮት አየሁ። እኚህ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አባት ያዩኝ ስለሆኑ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቆጣሪያችን የሚመጣው የመብራት ሽቦም በቅርንጫፎቹ ተጎትቶ ረግቧል። ግቢው በቅጠል፣ በተሰባበረ ቅርንጫፍና በአጥሩ ድንጋይ ተሞልቶ የውኃ መውረጃው ተዘግቷል። ትናንት ሁለት ወጣቶች የሞተር መጋዝ ይዘው መጥተው፣ ግንዱን ከወሰዱ ገንዘብ እንደማይጠይቁን ነገሩን። ወንድሜ ዛሬውኑ ይቁረጡት ባይ ነው፤ እኔ ግን ፈራሁ። ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢከናወን ይሻላል? የጎረቤታችንን ጣራ ማሠራት የማን ኃላፊነት ነው? ቀሪዎቹን ሁለት ዛፎችስ ምን እናድርጋቸው? ይጠቅም እንደሆነ፣ ካቻምና በዛፎቹና በቤቱ መካከል ለፍሳሽ ቱቦ ቦይ ተቆፍሮ ነበር።

መልስ፦ አናጢው

እህቴ፣ እንኳን ሰው ተረፈ። ለብዙ ዓመታት ጣራ ስሠራና ከየክረምቱ በኋላ የወደቀ ዛፍ ሳነሣ ኖሬያለሁና፣ መፍራትዎ ትክክል መሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ።

የመብራቱ ጉዳይ ሳያልቅ ማንም ሰው ዛፉን አይንካ። ብዙ ሰው በቤት ውስጥ ያለውን ማብሪያና ማጥፊያ ካወረደ ሽቦው የሞተ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ከማጥፊያው በፊት ስለሚገኝ ኃይል እንደያዘ ይቆያል። እርጥብ ግንድ፣ እርጥብ ቆርቆሮና እርጥብ መሬት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ወደ 905 ደውለው ሽቦው ዛፍ ላይ መሆኑን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሠራተኞቹ መጥተው እስኪያቋርጡት ድረስ ልጆችም ሆኑ ውሾች ወደዚያ እንዳይጠጉ ገመድ ይወጥሩ። ሽቦው መሬት ከነካ ወይም ብልጭታ ካዩ ለእሳትና አደጋ መከላከል በ939 ይደውሉ።

መብራቱ ሲቋረጥ ቀጥሎ የሚመጣው መጋዙ ሳይሆን ሸራው ነው። የጭቃ ግድግዳ ከላይ ውኃ ከገባበት ልስኑ ይረግፋል፣ ጭቃው ከማገሩ ይለቃል፤ ጣራውን በርካሽ ሊያሠሩ የነበሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ግድግዳም ወደ ማሠራት ገብተው አይቻለሁ። ስለዚህ የተቀደደውን ቦታ በወፍራም ሸራ ሸፍነው ጫፉን በሞራሌ ያስቸንክሩ። የተወጠረውን ኮርኒስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው በጎን በኩል በትንሹ ይብሱት፤ ካልሆነ በራሱ ጊዜ ተቀዶ ዕቃውን ሁሉ ያጥለቀልቃል። እግረ መንገድዎን የውኃ መውረጃውንና አሸንዳውን ያስጠርጉ፤ በዚህ ወቅት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ይህንን ሁሉ በጠዋቱ መጨረስ ይሻላል።

አሁን ወደ ግንዱ ልምጣ። የእርስዎ ዛፍ በአንድ ወገን ሥሩ ላይ፣ በሌላ ወገን አጥሩ ላይ ተደግፎ መሐሉ አየር ላይ የቀረ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ግንድ ከላይ ይጨመቃል፣ ከሥር ይለጠጣል። ከላይ ብቻ ወደ ታች የሚቆርጥ ሰው መጋዙ ይነከስበታል፤ ከሥር ብቻ የጀመረ እንደሆነ ደግሞ ግንዱ በድንገት ተሰንጥቆ ይገነጠላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቆራጭ ከላይ በኩል የውፍረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ቆርጦ ያቆምና የቀረውን ከሥር ይጨርሳል። ቅርንጫፎቹን ከጫፍ ጀምሮ እያራገፈ ወደ ግንዱ ይመጣል እንጂ ከመሐል አይጀምርም።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ በሥሩና በጉድጓዱ በኩል እንዲጠነቀቁ ነው። ከነአፈሩ ተነቅሎ እንደ ግድግዳ የቆመው ሥር፣ የግንዱ ክብደት ሲቆረጥለት ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ሊዘጋ ይችላል። ልጆች እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ መጫወት ይወዳሉና ግንዱ ከሥሩ በሚለይበት ሰዓት ማንም በአጠገቡ አይኑር። ቆራጩም ከሥሩ ጋር ረዘም ያለ ግንድ ትቶ፣ ሥሩን በገመድ አስሮ ወይም በወፍራም እንጨት ደግፎ ይቁረጥ።

የእርጥብ ባሕር ዛፍን ክብደት ሰዎች አይገምቱትም። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቁራጭ ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል። ለመሸከም አይሞክሩ፤ በግማሽ ሜትር አስቆርጠው እዚያው በሽብልቅና በመጥረቢያ ያስፈልጡት። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን መጥረቢያ ያስለቅሳል።

ከወጣቶቹ ጋር ሲዋዋሉ ጭራሮውንና ቅጠሉንም ጭምር እንዲያነሡ አስቀድመው ይስማሙ። ብዙዎቹ ገንዘብ የሚያወጣውን ግንድ ጭነው ይሄዱና ሌላው ሁሉ በባለቤቱ እጅ ይቀራል። ቅጠሉን በግቢ ውስጥ ማቃጠል ግን አይታሰብ፤ ዘይት ስላለው ነበልባሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በእናንተ ሰፈር ደግሞ ቤትና ቤት የተጠጋጋ ነው። ጭራሮውን ለእንጀራ መጋገሪያ የሚፈልጉ እናቶች በሰፈሩ አይጠፉም።

መልስ፦ ሕግ ያጠና

ስለ ጣራው ብቻ ልመልስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የመካስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ በዚህ አንቀጽ መሠረት የሚጠየቀው ዛፉ የማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ ቀርቷል ወይ የሚለውም ጭምር ነው። ጤነኛ ዛፍ ያልተለመደ ነፋስ ሲጥለውና መዝመሙ እየታየ ዝም የተባለ ዛፍ ሲወድቅ ነገሩ አንድ አይሆንም። ማንኛውም ነገር ከመነሣቱ በፊት ዛፉን፣ ሥሩን፣ አጥሩንና ጣራውን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ጎረቤትዎ ቆርቆሮ ከመቀየራቸው በፊት ለወረዳው እንዲያሳውቁ ይርዷቸው። ከስምምነት ከደረሳችሁ ደግሞ ሁለት ምስክሮች ባሉበት አጭር ውል ጻፉ፤ በመከባበር የኖሩ ጎረቤታሞች መጻፍን እንደ አለመተማመን ሊያዩት አይገባም።

መልስ፦ የደን ባለሙያ

በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት የቦይ ጉዳይ ለእኔ ዋናው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማቃለል ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማዋን ከብርድና ከጨለማ የታደገ ዛፍ ነውና፣ በወደቀ ቁጥር ዛፉን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ረጅም ዛፍ በነፋስ ጊዜ የሚቆመው በዋናነት ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ያሉት የጎን ሥሮች እንደ ገመድ ተወጥረው ስለሚይዙት ነው። እነዚህ ሥሮች አብዛኛዎቹ ከመሬት በታች ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ይገኛሉ፤ የቱቦ ቦይ የሚቆፈረውም እዚያው ነው። ቦዩ በዛፎቹና በቤቱ መካከል ከሆነና ዛፉ ከቤቱ ርቆ ወደ አጥሩ ከወደቀ፣ በቤቱ በኩል ያለው ሥር ተቆርጦ እንደነበር እጠረጥራለሁ። ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ በነፋስ የተበጠሰ ሥር ጫፉ የተፈተለና የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ በዶማ የተቆረጠው ግን ልሙጥና የጠቆረ ይሆናል።

ግምቴ ትክክል ከሆነ የቀሩት ሁለቱም ያው ችግር አለባቸው። በቤቱ በኩል ባለው መሬት ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም በነፋስ ጊዜ በዛፉ ሥር ያለው አፈር ከፍና ዝቅ ሲል ከታየ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ ለወረዳው አመልክተው ያስቆርጧቸው። ጫፉን ብቻ ማስቆረጥ ለጊዜው ክብደት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከቁስሉ ሥር የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች ከግንዱ ጋር በደንብ ስለማይያያዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እነሱ ራሳቸው መገንጠል ይጀምራሉ። የተነቀለውን ሥር ካወጡ በኋላ ጉድጓዱን በአንድ ጊዜ አይድፈኑት፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አፈሩን እየጠቀጠቁ ይሙሉት፣ አለበለዚያ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይዞ አጥሩን ያሰምጠዋል።

የቀበና ነዋሪ፦ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሽቦው ሐሙስ ጠዋት ተቋርጦ፣ ጣራው በሸራ ተሸፍኖ፣ ዛፉ በተባለው ቅደም ተከተል ዓርብ ተነሥቷል። ሥሩ በሚለይበት ሰዓት ሁላችንንም ወደ በሩ እንድንርቅ አደረግሁ፤ ግንዱ ሲቆረጥለት ሥሩ በገመድ ታስሮም እንኳ ክንድ ያህል ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ቶሎ ይቆረጥ ሲል የነበረበትን ሰዓት እያሰበ ብዙ ዝም አለ።

ሥሩን ከመጫኑ በፊት አፈሩን በእጄ እያራገፍሁ ተመለከትሁት። በአጥሩ በኩል ያሉት እንደ ቃጫ የተፈተሉ ናቸው። በቤቱ በኩል የእጅ አንጓዬን የሚያህሉ አራት ሥሮች በአንድ መስመር ላይ ልሙጥ ሆነው ተቆርጠዋል፤ ጫፋቸውም ጠቁሯል። በጥያቄዬ «ተቆፍሮ ነበር» ብዬ የጻፍሁትን ቦይ ያስቆፈርነው እኛው ነን። ይህንኑ ለጎረቤታችን ነግሬ፣ ወረዳው እንደፈቀደ ቆርቆሮውን፣ ኮርኒሱንና የረገፈውን ልስን እኛ እንድናሠራ ተስማምተናል። ለቀሪዎቹ ሁለት ዛፎች ዛሬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ እስኪቆረጡ ድረስ እናቴ በአጥሩ በኩል ባለው ክፍል እንዳትተኛ አልጋዋን ወደ ሳሎን አዛውረናል።