የኖርዌይኛ ግስ «ሁለተኛ ቦታ» የሚባለው ከየት ተቆጥሮ ነው?

የቱሉዲምቷ፦
ሰላም ለቤቱ። ኖርዌይኛ (ከሁለቱ የጽሑፍ ዓይነቶች ቡክሞል የሚባለውን) ቤት ሆኜ ከስልክ ላይ ነው የማጠናው፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚያስተምር አላገኘሁም። «ያይ ድሪከር ካፈ» (ቡና እጠጣለሁ) እስከሚለው ድረስ ችግር የለም። «ዛሬ»ን ፊት ላይ ጨምሬ «ኢ ዳግ ያይ ድሪከር ካፈ» ስል ግን ስህተት ይለኛል። ደንቡ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይሁን ካለ «ኢ ዳግ» ራሱ ሁለት ቃል አይደለም ወይ? ሌላው «ኢከ» የሚሉት የአሉታ ቃል ነው፤ አንዴ ከግሱ በኋላ፣ አንዴ ከግሱ በፊት አየዋለሁ። በምን ልለየው?

የካ_አባዶ፦
የሚቆጠረው ቃል ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ ክፍል ነው። «ኢ ዳግ» ሲጻፍ ሁለት ቃል ይሁን እንጂ «መቼ?» ለሚለው አንድ መልስ ነው፤ ቦታውም አንድ። ስድስት ቃል ቢሆንም ያው ነው፦ «ኢ ዴ ቪተ ሁሰ ቬ አፖቴከ ቡር ናቡኤን»፣ ፋርማሲው አጠገብ ባለው ነጭ ቤት ጎረቤቱ ይኖራል። «የት?»ን የመለሱት ስድስቱ ቃላት አንድ ቦታ ያዙ፣ «ቡር» (ይኖራል) ሁለተኛ ሆነ፣ ባለቤቱ ከኋላው መጣ።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ከፊቱ የፈለግነውን ያህል እንደረድራለን፦ «ዛሬ እኔ ቤት ቡና እጠጣለሁ»። በኖርዌይኛ ዋና ዓረፍተ ነገር ግን ከግሱ ፊት ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እንደ ሚኒባስ ጋቢና «ጠጋ በሉ» አይባልበትም። «ኢ ዳግ» ከተቀመጠበት «ያይ» ወርዶ ከግሱ ኋላ ይገባል፦ «ኢ ዳግ ድሪከር ያይ ካፈ»። ግሱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ኦ» (እና)፣ «መን» (ግን)፣ «ኤለር» (ወይም) ግን ወንበር አይዙም፤ እንደ ረዳት በር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ «መን ያይ ድሪከር ቴ» (ግን ሻይ እጠጣለሁ) ትክክል ነው። «መን ድሪከር ያይ ቴ» ደንቡን ገና የያዘ ሰው ከመጠን በላይ ሲጠነቀቅ የሚሠራት ስህተት ናት። አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ በግሱ ይጀምራል፦ «ድሪከር ዱ ካፈ?» «ካንሼ» (ምናልባት) ዓመለኛ ነው፤ «ካንሼ ሃን ኮመር»ም «ካንሼ ኮመር ሃን»ም (ምናልባት ይመጣል) ይባላል።

መምህር_ጀሞ፦
የ«ኢከ»ን ነገር በገዛ አማርኛችን መለካት ይቻላል። «አይመጣም» ስንል መጨረሻው ላይ «ም» አለ። «ካልመጣ»፣ «ስለማይመጣ»፣ «እንደማይመጣ»፣ «የማይመጣው» ስንል ግን «ም» ትወድቃለች፤ ሐረጉ ራሱን ችሎ የማይቆም ጥገኛ ስለሆነ ነው። ኖርዌይኛም ልዩነት የሚያደርገው እዚያው ላይ ነው። «ም» ካለች «ኢከ» ከግሱ በኋላ፣ «ም» ከወደቀች «ኢከ» ከግሱ በፊት።

ሃን ኮመር ኢከ፦ አይመጣም
ሃን ሲየር አት ሃን ኢከ ኮመር፦ እንደማይመጣ ይናገራል
ፎርዲ ሃን ኢከ ኮመር፦ ስለማይመጣ
ማነን ሶም ኢከ ኮመር፦ የማይመጣው ሰውዬ

ከ«አት» እና ከ«ፎርዲ» በኋላ ኖርዌጂያኖች ራሳቸው በንግግር «ኢከ»ን ወደ ኋላ ሲያደርጉ ትሰሚያለሽ፤ በጽሑፍ ግን አትከተያቸው።

አሁን ይህን የካ አባዶ ከጻፈው ጋር አጋጥሚው። ጥገኛው ሐረግ ፊት ከመጣ፣ ርዝመቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ያችን አንዷን ወንበር ሙሉ በሙሉ ይይዛል። «ቪስ ቫነ ኢከ ኮመር፣ ሄንተር ያይ ቫን ፍራ ናቡኤን»፦ ውሃው ካልመጣ ከጎረቤት እቀዳለሁ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር በየሳምንቱ የሚጠቅም ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ግሶች በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ጎን ለጎን ሲቆሙ (ኮመር፣ ሄንተር) አትደንግጪ፤ እንዲያውም ከሰረዙ በኋላ ወዲያው ግስ ካልመጣ ነው መጠራጠር።

ግሱ ሁለት ከሆነ «ኢከ» የሚከተለው በጊዜ የሚለዋወጠውን የመጀመሪያውን ነው፦ «ያይ ሃር ኢከ ድሩከት ካፈ» (ቡና አልጠጣሁም)። የእኛ ሰው አሉታውን ዋናውን ትርጉም ከያዘው ግስ ጋር ማጣበቅ ስለለመደ «ሃር ድሩከት ኢከ» ይላል። አንድ ወጣ ያለ ነገርም አለ፦ ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነና ግሱ አንድ ብቻ ከሆነ ከ«ኢከ» ይቀድማል። «ያይ ሴር ኢከ ናቡኤን» (ጎረቤቱ አይታየኝም)፣ ግን «ያይ ሴር ሃም ኢከ» (እሱ አይታየኝም)። ግሱ ሁለት ሲሆን ወደ ቦታው ይመለሳል፦ «ያይ ሃር ኢከ ሰት ሃም» (አላየሁትም)።

የቱሉዲምቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ የ«ም»ዋ ነገር ገባችኝ። ትሮምሶ (ሰሜን ኖርዌይ ያለች ከተማ) ያሉ ሰዎች ግን «ካ ዱ ሄተ?» (ስምህ ማን ነው?) ሲሉ እሰማለሁ። ግሱ ሦስተኛ ሆነ እኮ!

ሰበታ_መንገድ፦
በትክክል ሰምተሻል። በሰሜን ኖርዌይና በሌሎችም ቀበልኛዎች እንደ «ካ» (ምን) ያለ አጭር የጥያቄ ቃል ከፊት ሲመጣ ባለቤቱ ከግሱ ሊቀድም ይችላል። ስልክ ላይ ተረጂው፤ ፈተና ላይ ግን «ቫ ሄተር ዱ?» ብለሽ ጻፊ።

ያልተነሱ ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው ባለቤትን መዋጥ ነው። «እጠጣለሁ» ውስጥ «እኔ» ስላለ «ድሪከር ካፈ» ብለን እንተዋለን። «ድሪከር» ግን ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእነሱም አንድ ዓይነት ነው፤ «ያይ» ካልተባለ ማን እንደጠጣ አይታወቅም። ባለቤት በሌለበት እንኳ የይስሙላ ባለቤት ይፈልጋል፦ «ይዘንባል» ለማለት «ዴ ራይነር»። ይህ «ዴ» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ት» አለው፤ «ሁሰ» (ቤቱ) እና «ቫነ» (ውሃው) ላይም እንዲሁ። እዚህ በፊደላችን የጻፍነው ድምፁን ስለሆነ አጻጻፉን መዝገበ ቃላት ላይ አመሳክሪ።

ሁለተኛው ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ለእኛ ግማሹ ቀላል ነው። «መኪናው» የምትለዋ «ው» እንደተለጠፈች ሁሉ እነሱም «ቢል» (መኪና) ላይ «ኤን» ለጥፈው «ቢለን» ይላሉ። ቅጽል ሲመጣ ግን መንገዳችን ይለያል። እኛ ምልክቷን ወደ ቅጽሉ አዛውረን «ትልቁ መኪና» እንላለን፤ እነሱ ስሙ ላይ ያለውን ሳይነቅሉ ፊት ላይ ሌላ ይጨምራሉ፦ «ደን ስቱረ ቢለን»። በአማርኛ «ትልቁ መኪናው» ቢባል ጆሮ ይቆረቁራል፤ በኖርዌይኛ ግን ትክክሉ ያ ነው። «ሚን» (የእኔ) ከፊት ከመጣ ሁለቱም ምልክቶች ይወድቃሉ፦ «ሚን ስቱረ ቢል»። ከኋላ ከመጣ ሁለቱም ይቆያሉ፦ «ደን ስቱረ ቢለን ሚን»። በንግግር ብዙ ጊዜ የምትሰሚው የኋለኛውን ነው።