የሞተር ሳይክል ቀፎ ሲገጠም ቀዩ ሲሊኮን ወይስ ግራጫው ማሸጊያ?

ጥያቄ (የሶዶው ባለሞተር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛሁት ያማሃ ኤጂ 200 አለኝ። ከሥር ይጮህ ስለነበር ሞተሩን አውርደን የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታዎች ቀየርን። አሁን ሊገጠም ነው፤ ግን የሚያከራክሩ ነገሮች መጡ። በቀፎው (ክራንክ ሻፍቱንና ማርሹን በያዘው የሞተሩ ብረት አካል) ሁለት ግማሾች መካከል ወረቀት አልነበረም፤ የተገኘው የደረቀ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። መለዋወጫ ሻጩ «ቀዩን ሲሊኮን ውሰድ፣ ሙቀት የሚችለው እሱ ነው» ይለኛል። የፍሪሲዮኑ ክዳን ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ ወረቀት) ደግሞ ሲፈታ ተቀደደ፤ በሲሊኮን ብቻ ይዘጋል ወይ? ቴስታታው (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው ክዳን) ላይስ ይቀባል? ገንዘቤ ኩሽኔታው ላይ ስላለቀ ሁለተኛ ማስፈታት አልችልም።

መልስ (የሐዋሳው መካኒክ)፦

ወንድሜ፣ ሳይገጠም መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። ከሻጩ ምክር ልጀምር። እዚያ ቦታ ላይ ሙቀት ጉዳይ አይደለም፤ የቀፎው መጋጠሚያ የሚያገኘው የዘይት ሙቀት ነው፣ ያንን ደግሞ ማንኛውም ደህና የሞተር ማሸጊያ ይችለዋል። መጠየቅ ያለበት የሚተርፈው ማሸጊያ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሲሊኮን ሲደርቅ ላስቲክ ይሆናል። በዝቶ ከተቀባ ቡሎኑ ሲጠብቅ ከፊሉ ወደ ውጭ፣ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውጩን አይተህ ትጠርገዋለህ። የውስጡ ግን ውሎ አድሮ ይበጠስና ዘይት ውስጥ ይወድቃል፤ ፓምፑ ይስበዋል፣ የዘይት ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። የቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታው የተቃጠለ ሞተር ሲመጣልኝ ቀድሜ የማወጣው ወንፊቱን ነው። ቀይ የላስቲክ ክር ተጠምጥሞበት ሳገኝ ከልቤ አዝናለሁ፤ ባለቤቱ የከፈለበት ሥራ ነው ሞተሩን የገደለው።

ያገኛችሁት ግራጫ ነገር ፋብሪካው የቀባው ነው። ያማሃ ለቀፎ መጋጠሚያ የሚያዘው ያማቦንድ የሚባለውን ማሸጊያ ነው፤ ሆንዳም የራሱ ሆንዳቦንድ አለው። ስስ ሆኖ የሚዘረጋ ስለሆነ ሁለቱ ብረቶች ከሞላ ጎደል ብረት ለብረት ይገናኛሉ። ይህ ለማፍሰስ አለማፍሰስ ብቻ አይደለም፤ ቀፎው ወፍራም ነገር ይዞ ከተዘጋ የክራንክ ሻፍቱና የማርሽ ዘንጎቹ የጎን ክፍተት ይለወጣል። ስለዚህ ያማቦንድ ወይም ስሪቦንድ የሚባለውን ተመሳሳይ ማሸጊያ ፈልግ። ፈጽሞ ካጣህ በቱቦው ላይ ለሞተር የሚል ግራጫ ሲሊኮን በጣም ስስ አድርገህ መቀባት ይቻላል። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ግን አታስገባው፤ እሱ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ነው፣ አሲዱም ብረት ይበላል።

አሁን ወደ አቀባቡ። ከማሸጊያው ይልቅ ዘይት የሚያስፈስሰው የጽዳት ጉድለት ነው። አሮጌውን በመፋቂያ ቢላዋ አትፋቀው፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ አንድ ጭረት የዘይት መንገድ ይሆናል። በአሴቶን አርጥበህ ትንሽ ጠብቅና በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፋቀው። በሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀትም አታስነካው፤ የሚበተነው ብናኝ አዲሱን ኩሽኔታ ይፈጨዋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን ጥረግ። ጣት ካረፈበት ደግመህ ጥረግ፣ የጣት ወዝም ዘይት ነው። ቀጥ ማድረጊያ ጉጦቹ (ሁለቱን ግማሾች ልክ ለልክ የሚያገናኙት ትናንሽ የብረት ቁራጮች) በቦታቸው መኖራቸውን እይ።

በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ፣ ሁሉንም የቡሎን ቀዳዳ ዙሪያውን ይዘህ፣ በጣትህ ስስ አድርገህ ዘርጋ። የብረቱ ቀለም ከሥር ፈዝዞ ሊታይህ ይገባል። ከዘይት ቀዳዳና ከኩሽኔታ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ራቅ። ያማቦንድ ከሆነ ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ተወው፤ ሲሊኮን ከሆነ ግን ቆዳ ሳያበጅ ወዲያው ግጠም። ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በማቋረጥ፣ በሁለትና በሦስት ዙር አጥብቅ። የ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ብዙ ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ይበቃዋል፤ የሞተሩን መመሪያ ካገኘህ የእሱን ቁጥር ያዝ። ዘይት በማግስቱ ጨምር።

ቴስታታው በደረቁ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ንጹሕ ገጽ፣ ሌላ ምንም። የፍሪሲዮኑ ክዳን ግን የወረቀት ቦታ ስለሆነ ወረቀት ይሰጠው።

መልስ (ከጋምቤላ)፦

በሐዋሳው ወንድማችን ሐሳብ ላይ አንድ ልጨምር። እንደ ዲቲ ወይም ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚገጥም ሰው ከዚህም በላይ ይጠንቀቅ። በእነዚህ ቀፎው ራሱ አየርና ነዳጅ ይጨምቃል። መጋጠሚያው አየር ከሳበ ድብልቁ ይሳሳል (ነዳጁ ከአየሩ ያንሳል)፣ ፒስቶኑ ይግላል፣ በመጨረሻም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል። ተራ ሲሊኮን ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ቤንዚን የሚችል መሆኑ ያልተጻፈበትን አትቀቡ።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያማቦንዱን ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣለሁ። የፍሪሲዮን ክዳኑን ጓርኒሲዮን ግን እዚህ ማግኘት አልቻልኩም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

የሐዋሳው መካኒክ፦

እቆርጠው ነበር። የጓርኒሲዮን ወረቀት በትልቁ ይሸጣል፤ ከተቀደደው ጋር ውፍረቱን አመሳስለህ ግዛ፣ ምክንያቱም የክዳኑ ልክ ከወረቀቱ ጋር ነው የተሠራው። የካርቶን ወረቀት ግን ዘይት ሲጠጣ ይረግባል፣ አይሆንም። የክዳኑን ጠርዝ ዘይት በነካ ጣት አብሰህ ወረቀቱ ላይ ስትጫነው ቅርጹ ይታተማል። የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስቀድመህ ብሳ፣ ሁለት ቡሎን አስገብተህ ወረቀቱን ያዝና ቀሪውን በስለታም መቀስ ቁረጥ። ትናንሽ የዘይት ቀዳዳዎችን እንዳትረሳ፤ የተቀደደውን አጠገብህ አስቀምጠህ አንድ በአንድ አመሳክር። ሲገጠም በሁለቱም በኩል ጥቂት ግራሶ ቀባው፣ ወደፊት ሲፈታ ሳይቀደድ ይነሣል።

ከገጠምክ በኋላ ማፍሰስ ከጀመረ ደግሞ ሞተሩን ከማስፈታትህ በፊት የቀፎውን መተንፈሻ ቱቦ እይ። በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደህናው መጋጠሚያ በኩል ይገፋዋል። በጨረታ የወጡ የገጠር ሞተሮች ላይ ይህን ደጋግሜ አግኝቻለሁ።