የዱቄት ብናኝ ፍንዳታ፦ በጀቱ ትንሽ ነው፣ ከየት እንጀምር?

ዱቄት ቤት (ጠያቂ)፦
ሰላም ባለሙያዎች። ባለ አራት ፎቅ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ጽዳት የሚሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ በኮምፕሬሰር አየር በመንፋት ነው። የብረት አግዳሚዎቹና የኬብል መደርደሪያዎቹ ላይ ያለው ዱቄት በጣት ቢጻፍበት ይነበባል። የአንዱ ኤሌቬተር (እህሉን በባልዲ ወደ ላይ የሚያወጣው ማሽን) የላይኛው ኩሽኔታ እጅ አያስነካም፤ ግራሶ ሲጨመርለት ሁለት ቀን ጋብ ይልና ይመለስበታል። ባለ ከረጢቱ የአቧራ ፊልትሮ የቆመው ሕንፃው ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁሉንም ባንዴ የሚያሠራ ገንዘብ የለም። ምኑ ይቅደም? "ብዙ ዱቄት" የሚባለው ስንት ነው? ፊልትሮው ላይ የፍንዳታ ማስተንፈሻ (ፍንዳታ ሲነሣ ተከፍቶ ግፊቱን የሚያስወጣ ሽፋን) ቢገጠምስ ይበቃል?

ጎታ፦
ኮምፕሬሰሩን ዛሬውኑ አቁሙት፤ ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። የምትሠሩት ጽዳት አይደለም። የተኛውን ዱቄት ቀስቅሳችሁ ወደ ሌላ አግዳሚ እያዛወራችሁት ነው።

ስንት ነው ብዙ ላልከው ሒሳቡ ቀላል ነው። ልል ዱቄት በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ሽፋን በአንድ ካሬ ሜትር 500 ግራም ይሆናል። ጣሪያው 5 ሜትር ከፍታ ባለው ክፍል ወለሉን ያለበሰው ይህ ሽፋን ቢበተን፣ በሜትር ኩብ 100 ግራም ነው። የስንዴ ዱቄት ደመና ለመፈንዳት 50 ግራም አካባቢ ይበቃዋል። ብዙ ቦታ እንደ ወሰን የሚያዘው 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የባንክ ካርድ ውፍረት ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ የአግዳሚው ቀለም ካልታየ አልፏል።

"ክፍላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ደመና ታይቶ አያውቅም" የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሜትር ኩብ 40 ግራም ብናኝ ካለ 25 ዋት አምፖል በ2 ሜትር ርቀት አይታይም። ነገር ግን ኤሌቬተሩና ፊልትሮው ውስጥ በየቀኑ አለ። መጀመሪያ የሚፈነዳው እዚያ ነው፤ የእሱ ግፊት አግዳሚው ላይ የተኛውን አራግፎ ያነሣዋል፣ እሳቱም ተከትሎ ይደርስበታል። ሕንፃ የሚያፈርሰው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ለጽዳት ለብናኝ ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም ያዙ፤ ቱቦው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ከመሬት ገመድ ጋር የተያያዘ ይሁን። ተራ የቤት ቫኪዩም የተጠባውን አየር በሞተሩ በኩል ስለሚያሳልፍ አይሆንም። ከላይ ወደ ታች ጽዱ። ዱቄቱ ከየት እንደሚወጣም ፈልጉ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከወንፊቶቹ ሥር ያሉት የጨርቅ እጅጌዎች ማሰሪያቸው ጋ ተቀደው ይገኛሉ።

ቺንጋ፦
ጎታ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ኤሌቬተር ኩሽኔታው እስኪቀየር መሥራት የለበትም። ግራሶ መጨመሩን ተዉት። ሲበዛም ራሱ ያሞቃል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ዘንጉ ጠሟል፣ ወይም የኩሽኔታው የጎማ ማሸጊያ ተቀዶ ዱቄት ከግራሶው ጋር ተለውሷል። አዲሱ ሲገጠም ከሳጥኑ ውጪ እንዲቀመጥ አድርጉ። የኤሌቬተር እግር (ቺንጋው የሚወጣበትና የሚወርድበት ቀጥ ያለው ሳጥን) እንደ ጢስ ማውጫ ማለት ነው፤ ውስጡ ፍም ከወደቀ ሁሉንም ፎቅ ያዳርሳል።

ከዚያ ሴንሰር። በሁለቱ ኩሽኔታዎች በኩል ሙቀት መለኪያ፣ ከላይና ከታች በግራ ቀኙ ቺንጋው ከመስመሩ ሲወጣ የሚያውቅ፣ በታችኛው ፑሌጃ ላይ ደግሞ ፍጥነት መለኪያ። የታችኛው ላይ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ቺንጋ ሲንሸራተት ሞተሩና የላይኛው ፑሌጃ እንደ ወትሮው ይዞራሉ፣ የሚዘገየው የታችኛው ነው። ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲወርድ ደወል፣ 20 በመቶ ሲወርድ መቆም። ሲቆም እህል የሚመግበውንም ኮንቬየር አብሮ ያቁም፤ ያለዚያ እግሩ ይታነቃል።

የታነቀ ኤሌቬተር ላይ ሞተሩን እያበሩ እያጠፉ ማስነሳት ክልክል ነው። ፑሌጃው በቆመ ቺንጋ ላይ እየፈተገ የሚቀጣጠለው ያን ጊዜ ነው። ኃይሉን ቆልፉ፣ የታችኛውን በር ክፈቱ፣ በአካፋ አውጡ።

ነፋሻ፦
ፊልትሮውን በተመለከተ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም እዚያው ቆሞ ማስተንፈሻው ወደ ክፍሉ ከተከፈተ ከሌለው የባሰ ሊሆን ይችላል። የታሸገ ዕቃ ውስጥ የዱቄት ፍንዳታ 8 ባር ገደማ ይደርሳል። የላሜራ ሳጥን ከዚያ በጣም ባነሰ ይቀደዳል። ለዚህ ነው የማስተንፈሻው ሽፋን 0.1 ባር አካባቢ ላይ እንዲከፈት የሚደረገው። የሚወጣው ነበልባል ግን ከፊልትሮው ቁመት በብዙ ይረዝማል።

የሚሻለው ወደ ውጪ ማውጣት ነው። ካልተቻለ ግድግዳ ጥግ አስጠግቶ በአጭርና ቀጥ ባለ ቱቦ ወደ ውጪ ማስተንፈስ፤ ቱቦው ራሱ ግፊቱን ስለሚጨምር የሽፋኑ ስፋት እንደ አዲስ ይሰላ። በእርግጥ ነበልባል የሚያጠፋ ማስተንፈሻ አለ፣ ለቤት ውስጥም ይሆናል፤ ሙቅ ጋዝ መልቀቁ ግን ስለማይቀር አጠገቡ ሰው አይቁም።

የሚረሳው ማገጃው ነው። ከማሽኖች በሚመጣው ቱቦ ላይ ፍንዳታ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከሥር ደግሞ የብረት ክንፍ ያለው ተሽከርካሪ ቫልቭ፣ በክንፉና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ። ፍንዳታ ሲኖር ወዲያው እንዲቆም ይደረግ፤ ካልቆመ የሚነድ ዱቄት ወደ ታች ያወርዳል። የከረጢቶቹ ብረት ቅርጫቶችም ከመሬት ገመድ ጋር መያያዛቸውን ለኩ፣ ከ10 ኦም በታች ይሁን።

ዱቄት ቤት፦
እግዜር ይስጥልን። በጀቱ እስኪለቀቅ ክፍት የሆነውን ኮንቬየር በላሜራ ብንሸፍነውስ? ብናኙ ቢያንስ አይወጣም።

ነፋሻ፦
የአቧራ መሳቢያ (ብናኙን የሚስብ ቱቦ) ሳይኖረው እንዳትሸፍኑት። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ 14 ሰዎች የሞቱበት የስኳር ፋብሪካ ፍንዳታ የተነሣው እንዲሁ ከተሸፈነ ኮንቬየር ነው። ሲሸፈን የአቧራ መሳቢያ አልተደረገለትም፤ ክፍት ሳለ ይበተን የነበረው ብናኝ ውስጥ ተጠራቀመ። ሽፋንና መሳቢያ አብረው ይግቡ። ከነባሩ ቱቦ ላይ ዝም ብላችሁ ቀዳዳ ብትጨምሩ ደግሞ የሌላው የአየር ፍጥነት ይወርዳል፤ በቱቦው ውስጥ ከ18 እስከ 20 ሜትር በሰከንድ ካልተጠበቀ ዱቄቱ መንገድ ላይ ይተኛል።

ቺንጋ፦
ኩሽኔታውን ስትቀይሩ ፍሌክሲብል (የብረት መቁረጫ) ወይም ብየዳ መግባቱ አይቀርም። ከመጀመሩ በፊት ማሽኖቹ ይቁሙ፣ ኤሌቬተሩ ባዶ ይሁን፣ 11 ሜትር ዙሪያው ይጽዳ፣ የወለል ቀዳዳዎች በማይቃጠል ነገር ይሸፈኑ። ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ሰው እሳት እንዳይነሣ እየጠበቀ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በመሃል የተቃጠለ ዱቄት ከሸተተ ሳጥኑን አትክፈቱ፣ "እንዲወጣ" ብላችሁም አታስነሱት። ሰው አውጡ፣ እሳት አደጋ ጥሩ። ውኃ የሚረጨው በጉም መልክ እንጂ በጉልበት አይሁን፤ በጉልበት ከሆነ ዱቄቱን ያነሣዋል።