የሚዋዥቅ ዎክማንና የአዝማሪ ካሴት፦ ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይገለበጥ?

የአዘዞ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። የሠርግ አዝማሪ የተቀዳባቸው ባለ 60 ደቂቃ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ነው። ያለው ማጫወቻ አሮጌ ዎክማን ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን የማሲንቆው ድምፅ ይዋዥቃል። አንዱ ካሴት ደግሞ ታፍኖ ነው የሚሰማው። ከምን ልጀምር? በዚያው፣ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የኢርፎን ቀዳዳ ነበረው ይባላል፤ ለምን ይሆን?

ቴፕ ጠጋኝ፦
ወንድሜ፣ ዎክማኑ ሳይጠገን ካሴቶቹን እንዳታስገባ። ጎማው (ከሞተሩ መዘውሮቹን የሚያዞረው ቀበቶ) የላላ ዎክማን ክር ይበላል፦ ዘንጉ ክሩን ይስባል፣ የሚጠቀልለው መዘውር ግን ስለሚደክም ክሩ እዚያው ተከምሮ ይጠመጠማል።

ክዳኑን ፈትተህ ጎማውን እይ። እንደ ሬንጅ ቀልጦ ከሆነ በአልኮል በራሰ ጥጥ ሙልጭ አድርገህ ጥረግ፤ ቅሪት ካለ አዲሱም ይንሸራተታል። ልኩን ለማወቅ መዘውሮቹ ላይ የስፌት ክር አዙርና ለካ፤ ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያጠረ ጎማ ይበቃል። በጣም ከጠበበ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ተራ ላስቲክ አትጠቀም፤ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ መዋዠቁ ይመለሳል።

ሄዱን (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ብረት) እና ዘንጉን ጥጡ ላይ ቡናማ ዱቄት መውጣቱ እስኪቆም ድረስ ጥረግ። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ ይድረቅ። ፍጥነቱን የምታስተካክለው ከዚህ በኋላ ነው። ትክክለኛው በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ነው፤ ባለ 60ው ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ማለቅ አለበት። በብዙዎቹ ሞተሮች ጀርባ በቀዳዳ የሚገኝ ትንሽ ብሎን አለ፤ በጣም በጥቂቱ አዙረው።

የታፈነው ካሴት ላይ ከክሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ፈልግ። ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ክሩ ሄዱን በደንብ አይነካም። ባለ ብሎን ባዶ ካሴት ገዝተህ ሁለቱን ጥቅል አዛውር። ስፖንጇ ደህና ከሆነች የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ዘሞ ሊሆን ይችላል። ከሄዱ ጎን ያለውን ብሎን ቦታውን ምልክት አድርግና የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ጥርት ብሎ እስኪሰማ በትንሽ በትንሹ አዙር።

ድምፅ ክፍል፦
በክረምት እርጥበት ነጭ ሻጋታ ያወጣ ካሴት ካለ አታጫውተው፤ ሻጋታው ሄዱን አልፎ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ደህናዎቹን እስከ ጫፍ ወስደህ መልስ፣ የተጣበቀ ክር ይላቀቃል። ከካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ስበር፤ በስህተት ላያቸው ላይ እንዳይቀዳ።

የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ቻናል ስለሆነ ላይን መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይሻላል። የዎክማኑን ድምፅ ግማሽ ላይ አድርግና ከፍተኛው ጩኸት ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጠብቅ፤ እልልታው ላይ ነው የሚሰነጠቀው። የሚያጉረመርም ነገር ከሰማህ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ቅዳ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርገው። በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ስለሚወስድ አንድ ካሴት 600 ገደማ ይሆናል። ለስልክ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ ትሪ ብታወጣው 60 ሜጋባይት ይበቃል። ዌቩን ግን እንዳታጠፋ።

ማሲንቆ ወዳድ፦
ስለ ሁለቱ ቀዳዳዎች፦ ሶኒ ዎክማንን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ነው። መቅጃ አልነበረውም፣ ማጫወት ብቻ። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ለብቻ ማዳመጥ ለሌላው ሰው ነውር ይሆናል ብለው ስለሰጉ ለሁለት ሰው ተሠራ። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ በማይክ ለመነጋገር የሚያስችል ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው። ገዢው ግን ለብቻው መስማቱን ወደደው፣ ሁለተኛው ቀዳዳም በኋላ ቀረ። የአፕል የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 በ5 ጊጋባይት ሲወጣ ስለ ጓደኛ ቀዳዳ ማንም አላነሳም።

ለእኛ ለጎንደሮች ስጋቱ ይገባናል። አዝማሪ የሚዘፍነው ሰው ፊት ነው፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልሰዋል። ኢርፎን ያደረገ ሰው ግጥም አይሰጥም። ካሴት ሸክላን ሲተካ ዘፈኑ በቀላሉ ከቤት ወደ ቤት ተባዛ፣ ያ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን አድማጩ ከዘፈኑ ወጣ። የሠርግ ካሴት የሚለየው ያ አድማጭ እዚያው ስላለ ነው።

ስለዚህ «ተቀበል» የሚሉትን ድምፆች፣ እልልታውንና ሳቁን እንደ ኮሽታ ቆጥራችሁ አትቁረጡ። የኦዳሲቲን ኮሽታ መቀነሻ ዌቩ ላይ አታሳርፉ፣ የማሲንቆውን ጫፍ ይበላዋል። በፋይሉ ስም ላይ ሠርጉ የተደረገበትን ቀበሌና ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ ግጥም ሰጪዎቹን በድምፃቸው የሚለዩ ታላላቆች ካሉ ዛሬውኑ አስደምጧቸውና ስማቸውን ከደቂቃው ጋር መዝግቡ።